ቀዩ ዴኬ አምስተኛ ተራ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ምን ልቀንስ?

የጠባሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የምትጫወቱ ካላችሁ እርዱኝ።

እኔና የአክስቴ ልጅ ከክረምት ጀምሮ ማታ ማታ እንጫወታለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከመሸ በኋላ መውጣት የለም፣ ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ነው። ካርዶቹን ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትመን፣ ቆርጠን፣ በመጫወቻ ካርታ ላይ ለጥፈናቸዋል። አንድ ፓኬት ካርታ ከነጆከሩ 54 ነው። ዴክ፣ ማለትም አንድ ሰው የሚጫወትበት የካርድ ስብስብ፣ ደግሞ ቢያንስ 60 ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ለየራሳችን ሁለት ሁለት ፓኬት ገዛን።

የኔ ዴክ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ሐሳቤ እሱ ሳይደላደል ከ20 ሕይወቱ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። 24 ማውንቴን አለኝ፤ ማውንቴን ላንድ ነው፣ ሌሎቹን ካርዶች ለማውረድ የሚከፈለውን ማና የሚሰጥ ካርድ። ከዚያ አራት አራት ፍሬ ሞናስተሪ ስዊፍትስፒር፣ ሬጂንግ ጎብሊን፣ ሞግ ፋናቲክ፣ ኬልደን ማሮደርስ፣ ላይትኒንግ ቦልት፣ ላቫ ስፓይክ፣ ፋየርብላስት፣ ሂል ጃየንት እና ሺቫን ድራገን።

እሱ አረንጓዴ ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ ላንዋር ኤልቭስ የሚባል፣ ተጨማሪ ማና የሚሰጥ ክሪቸር (የሚዋጋ ፍጡር) ያወርዳል። ቀጥሎ ዎል ኦፍ ብሎሰምስ ያቆማል። ያ ግድግዳ 0/4 ነው፣ ማለትም የሚመታው 0፣ ለመሞት የሚበቃው 4 ጉዳት ነው፤ ሲወርድ ደግሞ አንድ ካርድ ያስስበዋል። ትንንሾቹ ክሪቸሮቼ እዚያ ላይ ይቆማሉ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት 14 ጊዜ ተጫውተን ያሸነፍኩት 4 ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ እሱ 5 ወይም 6 ሕይወት ሲቀረው እጄ ባዶ ይሆናል። ካልሆነ ደግሞ ሁለት ድራገን ታቅፌ እቀመጣለሁ። በተሸነፍኩ ቁጥር ካርድ እቀይራለሁ፤ አንድ ማታ 11 ካርድ ቀይሬ ነበር። በማግስቱ አልሠራልኝ ሲል መለስኳቸው። አሁን የቱ ካርድ እንደጠቀመኝ፣ የቱ እንደጎዳኝ አላውቅም።

ድራገኑን በጣም እወደዋለሁ። 5/5 ነው፣ ይበራል። ግን ስድስት ማና ይጠይቃል። ምን ልቀንስ?

ከሸዋ ሮቢት

ድራገኑን አውጣው ወንድሜ። አራቱንም። እሱን የሚጠብቅ ሰው እያጠቃ አይደለም፣ እየጠበቀ ነው።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ሲና

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ እኔ ግን ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። ምክንያቱን ከያዝከው ሌላውን ካርድ ራስህ ትመዝናለህ።

ቀድመህ የምትጀምር ከሆነ በመጀመሪያ ተራህ ካርድ አትስብም። ስለዚህ እስከ አራተኛ ተራህ የምታየው 7 እና 3፣ 10 ካርድ ነው። ከ60ው 20 ላንድ ቢሆን፣ ከእነዚህ 10 ካርዶች ሦስት ወይም አራቱ ላንድ ይሆናሉ። የቀረህ ስድስት ወይም ሰባት ካርድ ነው። 20 ሕይወት በሰባት ካርድ ለመጨረስ እያንዳንዱ ወደ 3 ጉዳት ማምጣት አለበት። እኔ ለማጥቂያ ዴክ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

አሁን ካርዶችህን በየተራ አስቀምጥበት። ላይትኒንግ ቦልት በአንድ ማና 3 ይመታል። ጨዋታው በ1993 ሲወጣ ጀምሮ ያለ ካርድ ነው፤ ዛሬም ሚዛኑን ይደፋል። ላቫ ስፓይክም 3 ነው። ኬልደን ማሮደርስ ሲወርድ 1፣ ሲሄድ 1 ይመታል። በመሃል ካልታገደ 3 ይጨምርና 5 ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳው ቢያግደው እንኳ 2 አምጥቷል። ሂል ጃየንት በአራተኛ ተራ ይወርዳል፣ የሚያጠቃው በአምስተኛው ነው። እስከዚያ ያመጣው ዜሮ። ድራገኑም ዜሮ። እጅህ ላይ ሁለት ድራገን ካለ የምትጫወተው በስምንት ካርድ ነው ማለት ነው።

ማናውንም ቁጠር። ሦስት ላንድ ላይ ብትቆም እስከ አራተኛ ተራ ያለህ 1፣ 2፣ 3፣ 3፣ በድምሩ 9 ማና ነው። በ9 ማና ሰባት ካርድ ለማውረድ ካርዶችህ አንድ አንድ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ማና የሚጠይቁ መሆን አለባቸው።

የላንዱ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ24 ላንድ ከመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች አምስትና ከዚያ በላይ ላንድ የመሆን ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ላንድ ወደ 3.5 በመቶ ይወርዳል። ይህ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል ከሁለት ላንድ በታች የመያዝ ዕድልህ ከ14 በመቶ ወደ 25 በመቶ ገደማ ይወጣል። ዴክህ ርካሽ ስለሆነ ይህን ይችለዋል። ወደ 17 ካወረድከው ግን 35 በመቶ ይደርሳል። እዚያ አትሂድ።

ስትፈትን መጀመሪያ ብቻህን ፈትን። 20 ጊዜ በውዝ፣ ተቃዋሚ እንደሌለ አድርገህ ተጫወት፣ በስንተኛው ተራ 20 ጉዳት እንደሞላህ ደብተር ላይ ጻፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይርና እንደገና 20 ጊዜ። ከዘመድህ ጋር ስትጫወት ደግሞ ግማሹን አንተ ጀምር፣ ግማሹን እሱ ይጀምር። 10 ጨዋታ ተጫውተህ 6 ለ 4 ስላሸነፍክ ተሻሻለ ብለህ አትደምድም፤ 10 በጣም ትንሽ ነው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፣ መንዝ

እኔ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የምትለጥፈው ካርድ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ነው? እኛም እንዲሁ ለጥፈን ነበር። አዲስ የተለጠፈው ከአሮጌው ይወፍራል፣ ስትበውዘው አንድ ላይ ይጣበቃል። ጣትህም ሳታስበው ይለየዋል። 11 ካርድ በአንድ ማታ ቀይረህ ከነበረ ዴክህ በደንብ አልተበወዘም ማለት ነው። ያኔ የመዘገብከው ሁሉ ዋጋ የለውም። የተለጠፈውን አንሳና በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ለጥፈው።

ሁለተኛ፣ ኤልቩን በምን ነው የምትገድለው?

የጠባሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

በላይትኒንግ ቦልት። ካልገደልኩት ሁለተኛ ተራው ላይ ሦስት ማና ይኖረዋል።

የመሐል ሜዳ ልጅ፣ መንዝ

መግደልህ ልክ ነው። መሣሪያው ግን ሌላ ነው። ኤልቩ 1/1 ነው፤ ሞግ ፋናቲክን ሰውተህ 1 ብትመታው ይሞታል። ቦልቱ ይቀመጥና 3ቱን ለዘመድህ ራሱ ይሁን። ላቫ ስፓይክ ክሪቸር መምታት ስለማይችል እሱ ላይ ምርጫም የለህም። ፋናቲክ እጅህ ላይ ከሌለና እሱ ቀድሞ ከጀመረ ብቻ ቦልቱን ኤልቩ ላይ አውጣ። ግድግዳውን ግን በጭራሽ አትንካ። ካርዱን አስስቦት ጨርሷል፣ ለመግደል ደግሞ ሁለት ካርድ ያስወጣሃል።

የጠባሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

ተመለስኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የመንዙን ወንድሜን ሰምቼ 60ውንም እንደገና ለጠፍኩ። እውነቱን ነው፤ ድሮ ስበውዝ ድራገኖቹ እየተከታተሉ ይመጡ ነበር።

ከዚያ የድሮውን ዴክ ሳልነካ ብቻዬን 20 ጊዜ ፈተንኩት። 20 ጉዳት የሚሞላልኝ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛ ተራ ነበር። ቀጥሎ አራቱን ድራገንና አራት ማውንቴን አውጥቼ እንደ ቦልቱ 3 የሚመቱትን ቼይን ላይትኒንግና ሪፍት ቦልት አራት አራት አስገባሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይር ብለውኝ ነበር፤ ላንዱንና ድራገኑን ግን አብሬ ቀየርኩ፤ ስድስት ማና የሚጠይቅ ካርድ ከሌለ 24 ላንድ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። እንደገና 20 ጊዜ ፈተንኩ። 12ቱ በአምስተኛ ተራ፣ 4ቱ በአራተኛ ተራ አለቁ። ሁለቱ ግን አንድ ላንድ ይዤ የቀረሁባቸው ናቸው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር 10 ተጫወትን፣ አምስት እኔ ጀመርኩ፣ አምስት እሱ። 6 አሸነፍኩ። ትንሽ ቁጥር መሆኑን ይዣለሁ። ደስ ያለኝ ሌላ ነው፤ በተሸነፍኩባቸው አራቱ ጨዋታዎች ለምን እንደተሸነፍኩ ደብተሬ ላይ አለ። በሁለቱ ሂል ጃየንት እጄ ላይ ቀርቷል። በአንዱ ፋየርብላስትን ለማውጣት ቸኩዬ ሁለት ማውንቴን ሰዋሁ፣ ቀጥሎ የሳብኩትን ማሮደርስ የማወርድበት ማና አጣሁ። እሱን ለመጨረሻው ምት ብቻ ማቆየት እንዳለብኝ አሁን ገብቶኛል።

የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ሲና

ምክንያትህ ልክ ነው፤ ላንዱና ድራገኑ አንድ ጉዳይ ናቸው። ቀጥሎ ጃየንቶቹን አውጣ፤ ሌላ ምንም አትንካ። ወደዚህ ከወረድክ ዴክህን ይዘህ ና። እኔ ነጭ ነው የምጫወተው፤ ሕይወት የሚጨምር ዴክ ገና አልገጠመህም።

የጠባሴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

እሺ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አይመቸኝም። እሑድ ጣርማ በርን ወርጄ እመጣለሁ። ደብተሩንም ይዤ።