የዲስተርብድ ቪዲዮ የት ነው የተቀረጸው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሮክ ባንዱ ዲስተርብድ እንደገና ስለዘፈነው «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሳይለንስ» አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ።

የዘፈኑ ታሪክ አላስቸገረኝም። ድርሰቱ የፖል ሳይመን ነው፤ እሱና ጓደኛው አርት ጋርፈንከል «ሳይመንና ጋርፈንከል» በሚል ስም በ1964 እ.ኤ.አ. በአኩስቲክ ጊታር ቀዱት። ዘፈኑ የወጣበት አልበም ብዙም ሳይሸጥ ቀረ። በ1965 ፕሮዲውሰሩ ቶም ዊልሰን እነሱን ሳያማክር ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ጨመረበት፤ በ1966 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። (ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል።) ዲስተርብድ ደግሞ በ2015 በ«ኢሞርታላይዝድ» አልበም አካተተው። ቪዲዮው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ማት ማሁሪን ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። ብዙ ቦታ «ቪዲዮው ለግራሚ (ለአሜሪካው የሙዚቃ ሽልማት) ታጨ» ተብሎ ተጽፏል። የታጨው ግን በ2016 በኮናን ኦብራየን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ በቀጥታ የተዘፈነው ነው። ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ያየ ሰው አለ? ሁለተኛው፣ ቪዲዮው የተቀረጸበት ቦታ ነው። ዳይሬክተሩ ወይም ዘፋኙ ዴቪድ ድሬይማን ራሳቸው የተናገሩበትን ቃለ ምልልስ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከሌላ የተቀዳ ወሬ ግን አይጠቅመኝም፤ ያንን ጠግቤያለሁ።