ይስሐቅ ለዔሳው የቀረ በረከት አልነበረውም?

ጥያቄ
አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ማታ ማታ ኦሪት ዘፍጥረት አነብላቸዋለሁ። ትናንት ምዕራፍ 27 ላይ ደረስን። ታናሹ ያዕቆብ ታላቅ ወንድሙን ዔሳውን መስሎ ቀርቦ የአባታቸውን የይስሐቅን ምርቃት ወስዷል። ዔሳው ከአደን ተመልሶ፣ ወጡን ሠርቶ፣ ለአባቱ ይዞ ይገባል። ይስሐቅ «አንተ ማን ነህ?» ይለዋል። እዚህ ጋ ድምፄ ተቆረጠ። እኔም የበኩር ልጅ ነኝ፤ ከታናሼ ጋር በአባታችን ፊት ስንሽቀዳደም ነው ያደግነው።

ይስሐቅ መታለሉን ሲያውቅ ተንቀጥቅጧል። ታዲያ ለምን ምርቃቱን አላነሣበትም? ዔሳው «በረከትህ አንዲት ብቻ ናትን?» ብሎ ሲያለቅስስ አንጀቱ እንዴት ቻለ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ያ ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ይስሐቅ ራሱ «የተባረከ ይሆናል» ብሎ አጽንቶታል። እናታቸው ርብቃም ገና በእርግዝናዋ «ታላቁ ለታናሹ ይገዛል» የሚል ቃል ሰምታለች። ማታለሏን ግን አልደግፍም። የጠቦት ቆዳ በያዕቆብ እጅና አንገት ላይ ያደረገችው እሷ ናት። «ጥቂት ቀን ተቀመጥ» ብላ ወደ ወንድሟ ሰደደችው። ጥቂት ቀን ያለችው 20 ዓመት ሆነ። ልጇን መልሳ አየችው የሚል ቃል በኦሪት ዘፍጥረት የለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

መልስ 2
ምዕራፍ 28ንም አንብብ። ያዕቆብ በተንኮል የወሰደው የሰማይ ጠል፣ እህልና ወይን፣ በወንድሞቹ ላይ ጌትነት ነው። የአብርሃምን በረከት፣ ማለትም ዘሩንና ምድሩን፣ ይስሐቅ የሰጠው በኋላ ነው፤ ማን ፊቱ እንደቆመ እያወቀ። እኔ እንደሚመስለኝ አባትየው ከመጀመሪያውም ለሁለቱም እንደየጠባያቸው አስቦላቸው ነበር።

ደግሞ የዔሳውን ሮሮ ልብ በል፦ ብኩርናዬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ በረከቴን። በዕብራይስጡም እንደኛው የ«ብኩርና» እና የ«በረከት» ሥር ፊደሎች (በ፣ ከ፣ ረ) አንድ ናቸው፤ ቦታ ብቻ ነው የሚለዋወጡት።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ዘልለን ምዕራፍ 33ን አነበብን። ዔሳው 400 ሰው አስከትሎ ይመጣል። ያዕቆብ ፈርቶ ፍየሉን፣ በጉን፣ የሚያጠቡትን 30 ግመሎች ሳይቀር አስቀድሞ ልኳል። ዔሳው ግን ሮጦ አንገቱን አቀፈው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያዕቆብም ስጦታውን «በረከቴን ተቀበል» ይለዋል። ያቺኑ ቃል! መልስ 2 ባይነግረኝ ኖሮ አልፌያት ነበር።

አባቴ «ያቺን ድገማት» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ «ወንድምህ ነገ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ልደውልለት ነው።