ቁጭ ስል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሥራ ጨርሼ አረፍ ባልኩ ቁጥር «አሁን አንድ ነገር መሥራት ነበረብኝ» የሚል ሐሳብ ይከነክነኛል። ፊልም ከፍቼ ኢሜይል አያለሁ፤ ጋደም ብዬ የነገውን ሥራ አሰላለሁ። በመጨረሻ ሥራውም አልተሠራ፣ እኔም አላረፍኩ። «ዝም ብለሽ እረፊ» ከሚለው ምክር ያለፈ፣ የሚሞከር ነገር ንገሩኝ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሥራው የት ላይ እንደሚያቆም አለመወሰኑ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ያላለቀ ጉዳይ በሌላ ነገር መሃል እየገባ ሐሳብን እንደሚበትን፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን እንደሚረጋ አሳይተዋል። ስለዚህ ሥራ ከማቆምሽ 10 ደቂቃ በፊት የቀረውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቀን፣ ሰዓትና የመጀመሪያዋን እርምጃ አስፍሪ። «ሪፖርት» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳርፍም። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የሪፖርቱን ሠንጠረዥ ከፍቼ ሁለተኛውን ዓምድ እሞላለሁ» የሚለው ያሳርፋል። ለነገ ከ3 ሥራ በላይ አትመድቢ፤ 12 ጽፈሽ 4 ብቻ ከሠራሽ በሚቀጥለው ቀን ዝርዝሩን ራስሽ አታምኚውም። ስልክ ላይም አትጻፊው፤ ዝርዝሩን ልታዪ ስትከፍቺ መልእክት ይጠልፍሻል።

መልስ 2፦ ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ የእረፍት መግቢያ ትኬት እንዳይሆን ግን ተጠንቀቂ። «ሁሉን ስጨርስ አርፋለሁ» ካልሽ መቼም አታርፊም፤ ሥራ አያልቅማ። እረፍትሽን በሰዓት ወስኚው። በ15 ደቂቃ ጀምሪ፤ ማንቂያ ሙዪ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ወቀሳው ሲመጣ አትከራከሪው፤ «ይኸው፣ ያ ስሜት መጣ» ብለሽ ባለሽበት ቆዪ። ብድግ ብለሽ ሥራ ብትጀምሪ ወዲያው ቅልል ይልሻል፤ ልማዱን የሚያጠነክረው ደግሞ ያ እፎይታ ነው። ደወሉ ሳይጮህ አለመነሳት ከሁሉም ይበልጣል። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምሪ። ወቀሳው እስኪጠፋ ከጠበቅሽ አትጀምሪም፤ እሱ እያለም ማረፍ ይቻላል።

መልስ 3፦ ዝም ብለው ሲቀመጡ ጭንቀት የሚብስባቸው ሰዎችም አሉ። እንዲህ ከሆነ እጅን የሚይዝ እረፍት ይሻላል፦ መራመድ፣ መሳል፣ አትክልት መኮትኮት። አይለካ ብቻ። እርምጃሽን መቁጠር ከጀመርሽ ሌላ ሥራ ያዝሽ ማለት ነው። ፊልም እያዩ ኢሜይል መክፈት ደግሞ ሰውነትን ቢያስቀምጥም ሐሳብን ከሥራ አያላቅቅም፤ ድካሙ የሚቀረው ለዚህ ነው። ቀን ላይ ካሸለብሽ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ከከባድ እንቅልፍ መሃል ልትነቂ ትችያለሽ፤ ድንዝዝ ብለሽ ስትነሺ «ድሮም ባላርፍ ይሻል ነበር» ያሰኛል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሌላው የቤት ሰው እየሠራ እኔ ስቀመጥስ? ይብስብኛል።

መልስ 2፦ ያኔ ወቀሳው እውነት ይዞ ሊሆን ስለሚችል አትናቂው። «በዚህ ሰዓት ለማን ምን ቃል ገብቻለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ስምና ሥራ ከመጣልሽ ሥሪው ወይም መቼ እንደምትሠሪው ለዚያ ሰው ንገሪ። ካልመጣልሽ ዕዳ የለብሽም። ተራ መያዝም ይረዳል፦ ከ12 እስከ 1 ሰዓት አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል፣ ከ1 እስከ 2 ይቀያየራሉ። ተራው በግልጽ ይነገር፤ በሆድ የተያዘ ተራ ቅሬታ ይወልዳል።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር። ወቀሳው ከእረፍት ሰዓት አልፎ ለ2 ሳምንት ያህል በየቀኑ ከቆየ፣ ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ምንም ካልመሰለሽ፣ እንቅልፍሽም ከተዛባ፣ ይህ የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል። ወረቀትና ማንቂያ ብቻውን አይበቃውምና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።