ሻጊ ኒው ዮርክ ተቀምጦ የጃማይካ ዳንስሆል ዘፋኝ ሊባል ይችላልን?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ካፌ ውስጥ ዲጄ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ብርዱ ጠንቶ በሩ በተዘጋበትና ደንበኞቹም ለመውጣት በሰነፉበት ሰዓት፣ የሻጊን «ኢት ዋዝንት ሚ» ባጫወትሁ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ከልጅነቱ ጀምሮ አሜሪካ የኖረ ሰው ዘፈን ፖፕ እንጂ ዳንስሆል (ከሬጌ የወጣው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ) አይባልም» ሲል፣ ሌላው ኪንግስተን የተወለደ የትም ቢኖር ጃማይካዊ ነው ብሎ ሞገተ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የታናሽ ወንድሜ ነገር ነው። በዚሁ ስልት በአማርኛ ይዘፍናል፤ ውጭ አገር ካልወጣሁ የትም አልደርስም ይላል። ለመሆኑ ሻጊን ለዚህ ያበቃው መሰደዱ ነው ወይስ ከቤቱ ይዞት የሄደው?

የመሃል ሜዳው፦
«ከልጅነቱ» የሚለው ልክ አይደለም። ኦርቪል ሪቻርድ ቡሬል፣ በመድረክ ስሙ ሻጊ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ኪንግስተን ተወልዶ ወደ ብሩክሊን የተሻገረው በ18 ዓመቱ ገደማ ነው። ያረፈበት የፍላትቡሽ ሠፈርም የካሪቢያን ሰዎች የሞሉበት፣ «ሳውንድ ሲስተም» የሚሉት ልማድ፣ ማለትም ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ደርድሮ በሸክላ ላይ በማይክ መዝፈን፣ የለመደ ሠፈር ነበር። በ1988 የአሜሪካ ማሪን ጦር አባል ሆኖ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘመተ፤ ሰሜን ካሮላይና ካለው ጦር ሠፈሩም በዕረፍት ቀናቱ እየነዳ ኒው ዮርክ ድረስ ለቀረጻ ይመላለስ ነበር።

በ1993 በእንግሊዝ 1ኛ ደረጃ ያስያዘው «ኦ ካሮላይና» ደግሞ አዲስ ዘፈን አይደለም። በ1960 ገደማ ፎክስ ብራዘርስ ጃማይካ ውስጥ የዘፈኑት፣ የከበሮ መቺው የካውንት ኦሲና የራስታ ጓዶቹ ከበሮ የሚሰማበት ነው። (እነዚህ ራስታዎች የሚጠሩበት ስም የራስ ተፈሪ መሆኑን፣ ራስ ተፈሪም የአንኮበሩ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ መሆናቸውን ስናስብ፣ ከበሮው ለእኛ ለሸዋ ሰዎች ያን ያህል ባዳ አይደለም።) ስለዚህ በባዕድ አገር በር የከፈተለት የአገሩ አሮጌ ዘፈን ነው።

ጣርማ በር፦
ከላይ የተባለው መልካም ሆኖ፣ የዕድልን ድርሻ ዘሎታል። «ቡምባስቲክ» በ1995 ወጥቶ፣ አልበሙ በ1996 ግራሚ ካገኘ በኋላ እንኳ፣ ያሳትምለት የነበረው ኩባንያ አሰናብቶት ነበር። በ2000 «ሆት ሾት» የተባለው አልበሙ ሲወጣ ካፌውን ያጨቃጨቀው ዘፈን ለብቻው እንዲለቀቅ የታሰበ አልነበረም፤ አንድ የሃዋይ ሬዲዮ ዲጄ ከኢንተርኔት አውርዶ ቢያጫውተው አድማጩ ደጋግሞ ጠየቀው፤ በ2001ም እርሱና «ኤንጅል» ተከታትለው በአሜሪካ 1ኛ ሆኑ። ዘፈኑን ያነሣው እንግዲህ እንደ እርስዎ ያለ ዲጄ ነው።

ድምፁን በተመለከተ፣ ያንን ሻካራ አነጋገር ከማሪን ምልምል አሠልጣኞች አስመስሎ እንደያዘው ራሱ ተናግሯል። ፉከራ ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ የጦር ሜዳ ድምፅ ወደ ዘፈን ሲገባ እኛም አገር አይተናል።

የቀይት ሰው፦
ክርክሩን በመኖሪያ አድራሻ መፍታት አይቻልም። በዳንስሆል አንድ ሪዲም፣ ማለትም ግጥም የሌለው የሙዚቃ ምት፣ ተሠርቶ ብዙ ዘፋኞች የየራሳቸውን ግጥም ይጥሉበታል፤ በትዝታ ቅኝት ሁሉም የየራሱን እንደሚያንጎራጉረው ማለት ነው። መታየት ያለበት ዘፋኙ ሪዲሙን እንዴት እንደያዘው ነው።

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የ1960ውን «ኦ ካሮላይና» አስቀድሜ፣ የ1993ቱን አስከትዬ አጫውታለሁ። ለወንድሜም የጻፋችሁትን አነበብሁለት። ከጦር ሠፈሩ እስከ ኒው ዮርክ ያለው መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ስነግረው ዝም አለ፤ አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ ቀጥሮት 130 ኪሎ ሜትሩ ርቆበት የቀረው ባለፈው ሳምንት ነው።