አቻ የነበረ ቼዝ በአንድ እርምጃ ተሸነፍኩ፤ ምን ልማርበት?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የእሁዱን ልንገራችሁና ምክራችሁን ልስማ።

ፒያሳ አካባቢ አንዲት የጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ጋ እሁድ እሁድ ቼዝ እንጫወታለን። እዚያ የሚመጡ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር አሉ። እስካሁን 14 ጊዜ ገጥሜያቸው 14ቱንም አሸንፈውኛል። ያለፈው እሁድ ግን ሌላ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን እስከ 10 ሰዓት ተኩል ተፋጠጥን። ንግሥቶቹ ወጡ፣ ሩኮቹ ተበላሉ። መጨረሻ ላይ እሳቸው ንጉሥና አንድ ወታደር፣ እኔ ንጉሥ ብቻ ቀረን።

ጥቁሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። የእሳቸው ንጉሥ ዲ5 ላይ፣ ወታደራቸው ኢ6 ላይ ነው (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። የእኔ ንጉሥ ኢ7 ላይ፤ ተራው የእኔ። ከንጉሣቸው ጋር አንድ መስመር ላይ ልሁን ብዬ ዲ8 ገባሁ። እሳቸው ሳይቸኩሉ ንጉሣቸውን ዲ6 አስገቡ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ አልሆነም። ወታደሩ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ሆነ። እጄን ጨበጡኝና «ቤትሽ ገብተሽ እይው» አሉኝ።

ገብቼ አየሁት። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ስደረድረው ከእርምጃዬ በፊት አቻ፣ ከእርምጃዬ በኋላ ነጭ ያሸንፋል ይላል። ለምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ወንድሜ ደግሞ መክፈቻ፣ ማለትም የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ አጥኚ ይለኛል። እኔ የተሸነፍኩት መክፈቻ ላይ አይደለም። ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። ከየት ልጀምር?

የቦርከናው (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ ሰሌዳ ላይ ደርድሬ አየሁት። መሄጃሽ አራት ነበር፦ ኢ8፣ ዲ8፣ ኤፍ8፣ ኤፍ6። አቻ የሚያወጣሽ ኢ8 ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ።

ሁለቱ ነገሥታት በመሃላቸው አንድ ካሬ ትተው ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ተራው የደረሰው ሰው መንገድ ለመልቀቅ ይገደዳል። ኦፖዚሽን የሚሉት ይሄን ነው። አንቺ ዲ8 ስትገቢ እሳቸው ዲ6 መጥተው ፊትሽ ቆሙ፤ ተራው ደግሞ ያንቺ ሆነ። አለቀ። ኢ8 ብትሄጂ ኖሮ ግን እሳቸው ዲ6 ሲመጡ አንቺ ዲ8 ትገቢያለሽ። አሁን የሚጨንቃቸው እሳቸው ናቸው። ወታደሩን ኢ7 ላይ ገፍተው ንጉሥሽን በማጥቃት ቼክ ቢሉሽ ኢ8 ትቆሚያለሽ። ወታደሩን እንዳትበዪባቸው ንጉሣቸውን ኢ6 ማምጣት አለባቸው። ያኔ ቼክ ውስጥ አይደለሽም፤ መሄጃም የለሽም። ስቴልሜት! ይህ ደግሞ አቻ ነው። በሌላኛው ጎን ዞረው ኤፍ6 ቢመጡም መልስሽ ኤፍ8 ነው።

መክፈቻውን ለጊዜው ተዪው። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ጥናት ከጨዋታው መጨረሻ ይጀመር ይል ነበር። እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጠጠር ብቻ ሲቀር ንጉሥ ምን እንደሚችል ጥርት ብሎ ይታያል። ዛሬውኑ ወንድምሽን አስቀምጪና ነጩን ስጪው።

የሸዋ በሩ (ደሴ)

ልጄ፣ የኮምቦልቻው ወንድሜ ያለው ትክክል ነው። ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። ንጉሥሽ ብቻውን የቀረው ለምንድን ነው? አንድ ወታደር ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ አጥተሻል። ጨዋታውን ጽፈሽው ከሆነ እሱን ፈልጊ። ኮምፒውተሩን ዝጊና መጀመሪያ በራስሽ ዓይን ፈልጊ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምን አስበሽ እንደነበር እሱ አያውቅልሽም።

ተራ ሲነሳ ትዝ አለኝ። በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነገር ነበር። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። እዚያ ተራ ቁም ነገር አልነበረም። ባንቺ ጨዋታ ግን ሁሉን ነገር የወሰነው ተራው የማን ነው የሚለው ነው።

14 ጊዜ መሸነፍሽ አያሳዝንሽ። የተጫዋቾችን ብቃት በነጥብ በሚለካው በኢሎ ስሌት 400 ነጥብ የሚበልጥሽ ሰው ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ገደማ እንዲወስድ ይጠበቃል። እሳቸው ምን ያህል እንደሚበልጡሽ አላውቅም፤ ግን አቻ በእጅሽ ነበር። በርቺ።

የሆጤዋ (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ትናንት ማታ መብራት ስለጠፋ በሻማ ተጫወትን። ወንድሜ ነጩን ይዞ ስምንት ጊዜ ሞከረ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እጄ በልማድ ወደ ዲ8 ሄደና ተሸነፍኩ። ከዚያ በኋላ ስድስቱንም አቻ አወጣሁ። ስቴልሜት የሆነው ላይ ንጉሤን በጣቴ ይዤ ስምንቱንም አቅጣጫ አንድ በአንድ አሳየሁት። ሦስቱ ከሰሌዳው ውጪ ናቸው፣ አምስቱ ተዘግተዋል። እሱም መክፈቻ የሚለውን ነገር ተወው።

አባቴ፣ እርስዎ ያሉኝንም አደረግኩ። ጨዋታውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ወታደሯ የጠፋችው 23ኛው እርምጃ ላይ ነው። ፈረሴ ይጠብቃት ነበር፤ እኔ ግን ሩካቸውን ላጠቃበት ብዬ ፈረሱን አነሳሁት። ዓይኔ ሩካቸው ላይ ብቻ ነበር፤ ከኋላዬ ምን እንደተውኩ አላየሁም። ቦታውን እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ እባካችሁ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ እዩልኝ።