የወባ ማጥፊያ ሰዎች «ግድግዳ አትለቅልቁ» የሚሉት ለምን ነበር?

የደምቢያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ያደገችው ጎንደር አካባቢ፣ ደምቢያ ነው። «የወባ ማጥፊያ ሰዎች ቤታችንን ረጭተው ሲወጡ ግድግዳውን እንዳትለቀልቁ ብለው ያስጠነቅቁን ነበር» ትላለች። ለመስቀል ቤት ሳይለቀለቅ እንዴት ይዋላል ብላ እስከ ዛሬ ቅር ይላታል። ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

ጡረተኛው ሳኒታሪያን፦
ልጄ፣ አያትህ እውነቷን ነው። እኔም ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሆኜ፣ በየቤቱ እየዞርኩ እንደዚያው ስል የኖርኩ ነኝ።

ዲዲቲ የሚባለው የትንኝ መድኃኒት የሚረጨው የምትበረውን ትንኝ ለመግደል አይደለም። ሴቷ ትንኝ ደም ጠጥታ ስትከብድ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። የሚገድላት እዚያ የተቀባው መድኃኒት ነው። ለወራት ይሠራል። እበትና ጭቃ ከተለቀለቀበት ግን መድኃኒቱ ከሥር ይቀራል፣ ትንኟም በሰላም ታርፋለች። ችግሩ ወቅቱ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ቤት የሚያምረውም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል! «ወለሉን ለቅልቁ፣ ግድግዳውን ብቻ ተዉልን» እያልን እናቶችን እንለምን ነበር።

ያኔ «ሕዝቡ አይገባውም» የሚሉ አለቆች ነበሩ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ምክንያቱን ማን ነገረው? ቁጭ ብለን ስናስረዳ እኮ ብዙዎቹ ይሰሙን ነበር።

በዚያ ላይ ደምቢያ ወባን በደንብ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 በተነሳው ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው እንዳለቀ ይጠቀሳል። በ1958 ደግሞ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ተነስቶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በዓመቱ ነው።

ጎንደሬው፦
ጋሼ ልክ ነዎት። የጎንደር የጤና ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ከደምቢያው ወረርሽኝ በኋላ ነው። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተምረው፣ አብረው ገጠር ይወርዱ ነበር። ሐኪም ብቻ ቢጠበቅ ገጠሩ ማንንም አያገኝም ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦
እኛም ያንኑ እንላለን። ዲዲቲ ቀርቷል፣ ትንኟ ስለለመደችው ሌላ ኬሚካል ነው የሚረጨው። አሁን ግን የርጭቱን ቀን ቀድመን እንናገራለን። ግድግዳውን መለቅለቅ የፈለገች ቀደም ብላ ትለቀልቃለች፣ በደንብ ሲደርቅ ይረጫል። ከዚያ በኋላ አይነካም።