የብር አምባሩ ላይ ሞባይሌ እየታየ ተቸገርኩ

ሐረር ጀጎል ውስጥ የብር ጌጣጌጥ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አሁን አሁን «ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልን» ስለሚሉ የፎቶ ሳጥን በእጄ ሠራሁ። የዘይት ካርቶን ነው። ግራና ቀኙን፣ አናቱንም እንደ መስኮት ቆርጬ በነጭ አቡጀዴ ሸፈንኩት። ጥግ እንዳይታይ ከኋላ እስከ ወለሉ ጎበጥ ያለ ነጭ ወረቀት አነጠፍኩበት። መብራቱ ከውጭ በሁለቱም ጎን ባለ 12 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ነው።

መጀመሪያ አንዱ አምፖል ቢጫ ስለነበር ብሩ ግማሹ ወርቅ መስሎ ወጣ። አንዷማ «ወርቁ ስንት ነው?» ብላኛለች! ሁለቱንም ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ባለ 6500 ኬልቪን ሳደርጋቸው ተስተካከለ። ስክሪኑ ላይ ይመላለስ የነበረው ጥቁር መስመርም የካሜራውን የመዝጊያ (ሻተር) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ሳደርገው ጠፋ፤ የመብራታችን ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ (50 ኸርዝ) ነውና።

ሙዳይ ሳነሳ ስፌቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው አምባር ነው። መሐሉ ላይ ሞባይሌ ከነጣቶቼ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ራቅ ብዬ በዙም አነሳሁ፤ አነሰ እንጂ አልጠፋም። የሳጥኑን ፊት በነጭ ወረቀት ዘግቼ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ተውኩለት። ጣቶቼ ጠፉ፣ ቀዳዳው ግን የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ሆኖ እዚያው ቁጭ አለ። አምባሩን ዘወር ሳደርገው ደግሞ የተቀረጸው አበባ አይታይም።

አበባው በደንብ እየታየ ያቺ ጥቁር ነጥብ እንድትጠፋ ሌንሱን በየት በኩል ላድርገው?